የሦስት ቀን ፈቃድ

ከእንጦጦ ሰንሰለት በስተምሥራቅ፣ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በሚባለው ተዳፋት ላይ፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ኤምባሲዎች ሰፋፊ የዛፍ ግቢዎች አሉ። ቦታው ለውጭ መንግሥታት መልእክተኞች የተሰጠው በዳግማዊ ምኒልክ ነው፤ ጊዜውም ከዓድዋ ድል በኋላ መንግሥታት ወደ አዲስ አበባ መልእክተኛ ለመላክ የተሽቀዳደሙበት ዘመን ነበር። ሰፈርተኛው አንዱን አካባቢ እስከ ዛሬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን እያለ ይጠራዋል። ይህ ተዳፋትና ከበላዩ ያለው ጋራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ያዩት ነገር፣ ስለ ሰው ልጅ ጠበኝነት ለሚከራከር ሰው ከብዙ ቤተ ሙከራ የበለጠ ማስረጃ ይሰጣል። በአንዲት ከተማ አንድ ጊዜ ሕዝብ ዘረፈ፤ አንድ ጊዜ ሕዝብ ተጨፈጨፈ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ በቀል ይፈጸማል ተብሎ በፍርሃት ሲጠበቅ ሳይፈጸም ቀረ። ጠበኝነትን በሥነ ሕይወት የሚያስረዱ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ስለ አንጎል፣ ስለ ሆርሞንና ስለ ዘረ መል የሚነግሩን ብዙ እውነት አለ። የእኔ ክርክር ያ እውነት የሰውን ዐቅም እንጂ ቀኑን አያስረዳም የሚል ነው። ቀኑን ለማወቅ ማን እንደፈቀደ፣ ማን እንደከለከለና ማን ዘብ እንደቆመ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ አዲስ አበባ ያለ መንግሥት ቀረች። ከሰሜን ጦር ግንባር ተሸንፎ የተመለሰ፣ ደመወዝም ስንቅም የሌለው ወታደር ከከተማው ድኻ ጋር ሆኖ መደብሮችን ሰበረ፤ ግምጃ ቤቱ ተዘረፈ፤ የገበያው ቤቶች ነደዱ። የውጭ ዜጎች ወደ ለጋሲዮኖቹ ሸሹ። የእንግሊዙ ሚኒስትር ሰር ሲድኒ ባርተን ግቢውን የሚጠብቁ የሲክ ወታደሮችን ከሕንድ አስቀድሞ አስመጥቶ ስለነበር፣ ከሺህ የሚበልጡ የተለያየ አገር ሰዎች በየካ ግርጌ ድንኳን ተክለው ተቀመጡ። በከተማው ሌላ ጫፍ የነበረው የአሜሪካ ለጋሲዮን በዘራፊዎች ተከቦ ሲተኮስበት፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ካለው የእንግሊዝ ለጋሲዮን ጋር መገናኘት አልቻለም። መልእክቱ በሬዲዮ ወደ ዋሽንግተን ሄደ፤ ከዋሽንግተን ለንደን ደረሰ፤ ከለንደን ተመልሶ አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ሲኮቹ ሄደው ደረሱላቸው። የከተማ ሥርዓት መፍረስ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። በዚያው ሰሞን ቁስለኛ ከመንገድ ሲያነሣ የነበረው የእንግሊዝ አምቡላንስ አገልግሎት መሪ ዶክተር ጆን ሜሊ በአንድ ዘራፊ ተመትቶ ሞተ። ሚያዝያ 27 የኢጣልያው ማርሻል ባዶልዮ ጦር ከተማዋን ያዘ።

የፋሽስት ፕሮፓጋንዳ እነዚያን ቀናት ወዲያው ለራሱ ጉዳይ አዋለ፤ ይህ ሕዝብ በተፈጥሮው አውሬ ነውና ገዢ ያስፈልገዋል ሲል ሰበከ። ስብከቱ ያለ መነሻ አልነበረም። ወንጀለኛን ከራስ ቅሉ እለያለሁ የሚለው ሳይንስ ስሙን ያተረፈው በራሷ በኢጣልያ ነው። ሐኪሙ ቼዛሬ ሎምብሮሶ ቪሌላ የተባለ የካላብሪያ ሰው የራስ ቅል መርምሮ ከኋላው ያገኘውን ጎድጓዳ ቦታ የጥንት አውሬነት ምልክት ነው አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው መጽሐፉም ከእናቱ ማሕፀን ወንጀለኛ ሆኖ የሚወለድ ሰው አለ ሲል አስተማረ። ለሎምብሮሶ ወንጀለኛ ማለት በሠለጠነ ዘመን መካከል የተገኘ ኋላ ቀር ፍጡር ነው፤ በመሆኑም ወንጀለኛውን፣ የደቡብ ኢጣልያን ገበሬና አፍሪካዊውን በአንድ መደብ ማስቀመጥ ቀላል ሆነለት። ከእርሱ በኋላ የፍሎረንሱ አንትሮፖሎጂስት ሊዲዮ ቺፕሪያኒ የአፍሪካ ሰው አእምሮ ዝቅተኛ ነው እያለ የኢትዮጵያን ወረራ በጽሑፉ ደገፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1938 በወጣው የዘር መግለጫ ላይም ስሙን አኖረ። ታሪክ አሽሟጣጭ ናትና፣ ያ መግለጫና ተከትለውት የወጡት ሕጎች አይሁዳዊ የነበረውን የሎምብሮሶን ወገኖች ጭምር ከዜግነት ክብራቸው አወረዱ።

ያ ንድፈ ሐሳብ እውነት ቢሆን ኖሮ ከዝርፊያው በኋላ አሥር ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በዚያችው ከተማ የሆነው ነገር ሊሆን አይችልም ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዓርብ የፋሽስቱ እንደራሴ ግራዚያኒ የኢጣልያን አልጋ ወራሽ ልጅ መወለድ ምክንያት አድርጎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ባለበት ግቢ፣ ለድኾች ምጽዋት ያድል ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወረወሩበት። በግቢው ውስጥ የነበሩ ወታደሮች ወዲያው በተሰበሰበው ድኻ ላይ መትረየስ ከፈቱ። ይህን የመጀመሪያውን ተኩስ ድንጋጤና ቁጣ ነው ቢሉኝ እስማማለሁ፤ አደጋ ሲመጣ አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ከአስተሳሰብ ቀድሞ ይነሣል የሚለው የሥነ ልቦና ትምህርት እዚህ ላይ ቦታ አለው። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው። የፋሽስት ፓርቲው የአዲስ አበባ አለቃ ጊዶ ኮርቴዜ ሰዎቹን ሰብስቦ ለሦስት ቀን የፈለጉትን እንዲያደርጉ ፈቀደላቸው። ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች፣ ሾፌሮችና የመንገድ ሥራ ሠራተኞች ዱላና የብረት ዘንግ ይዘው ወጡ፤ በጎጆዎች ላይ ቤንዚን እያርከፈከፉ ሰውን ከነቤቱ አነደዱ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር እሳት ተለኮሰበት። የኮሪዬሬ ዴላ ሴራ ጋዜጠኛ ቺሮ ፖጃሊ በዜናው ሊያወጣው ያልቻለውን በማስታወሻ ደብተሩ ጽፎ አቆየ፤ በከተማው የነበሩ ኢጣልያውያን ሲቪሎች እንደ ጥንቱ የፋሽስት ቡድን ሆነው የበቀሉን ሥራ እንደያዙ፣ ያገኙትን ኢትዮጵያዊ እንደሚቀጠቅጡ መዝግቧል። ከሞት ያመለጠው ደራሲ ተመስገን ገብሬም ያየውን በገዛ ሕይወቱ ታሪክ ላይ አስፍሯል። የሟቾችን ቁጥር የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 አለ፤ ጉዳዩን ለብዙ ዓመታት የመረመረው ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ያደርሰዋል፤ የኢጣልያ ባለሥልጣኖች ያመኑት ከሁለቱም እጅግ ያነሰ ነው።

ለክርክሬ ዋናው ነገር የአገዳደሉ ጭካኔ ሳይሆን የጊዜው አለካክ ነው። ግድያው በፈቃድ ተጀመረ፤ በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ የበቀል ሥራ ሁሉ ከቀትር ጀምሮ ይቁም የሚል ትእዛዝ ከዚያው ከኮርቴዜ ወጣ። ከትእዛዙ በኋላ እስርና በፍርድ ስም የሚደረግ ግድያ ቀጠለ፤ ግራዚያኒ በግንቦት ወር ጄኔራል ማሌቲን ልኮ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት አስፈጀ። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ዱላ ይዞ ሲሮጥ የነበረው ሾፌርና ጸሐፊ ግን ወደ ሥራው ተመለሰ። ኮንራድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ ጠበኝነት በውስጣችን እየተጠራቀመ ሄዶ መፍሰሻ ሲያጣ ገንፍሎ የሚወጣ ደመ ነፍሳዊ ኃይል ነው ብሎ ነበር። ገንፍሎ የሚወጣ ነገር ቀትር ሲሆን ማቆምን አያውቅም። በተቃራኒው፣ ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ይህን ሥራ ያወቁት አዲስ አበባ ከመምጣታቸው በፊት ነው፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የፋሽስት ቡድኖች በኢጣልያ ከተሞች የሠራተኛ ማኅበራትን ቤት እያቃጠሉ፣ ሰው በዱላ እየቀጠቀጡ ሥልጣን ላይ ወጥተዋልና። ዱላው ከልምድና ከድርጅት የመጣ ነው።

እዚህ ላይ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ሎሬንዝና ሎምብሮሶ ያለፈበት ትምህርት ናቸው፣ የዛሬውን ማስረጃ ለምን አታይም ይሉኛል። ትክክል ናቸው፤ እንየው። ስለ ቴስቶስትሮን የተሰበሰበው ጥናት በሆርሞኑ መጠንና በሰው ጠበኝነት መካከል ያለው ዝምድና ከሚወራው እጅግ የላላ መሆኑን ያሳያል፤ ሆርሞኑ ራሱ በውድድርና በማሸነፍ ይጨምራል፣ ማለትም ግንኙነቱ ወዲህም ወዲያም ነው። ይህን ለማስተዋል ከእንጦጦና ከየካ ጫካ ማታ ማታ ወደ ከተማው የሚወርደውን ጅብ ማየት ይበቃል። በጅብ መንጋ ውስጥ ሴቷ ገዢ ናት፤ አካሏም የወንድ እስኪመስል ድረስ የተለወጠ ነው፤ ለረጅም ጊዜም የገዢነቷ ምክንያት የወንድ ሆርሞን ነው ሲባል ኖረ። ሲለካ ግን የጎልማሳ ሴት ጅብ ቴስቶስትሮን ከጎልማሳው ወንድ ያንሳል። በቅርብ ዓመታት የወጣው ጥናት የሚለው፣ ከሁለት ጅብ አሸናፊው በመንጋው ውስጥ ከጎኑ የሚቆምለት የሚበዛው ነው፤ ሴቶቹ በትውልድ መንጋቸው ስለሚቀሩና ብዙ ወንዶች ከሌላ መንጋ እንግዳ ሆነው ስለሚመጡ፣ ዘመድ ያለው የሴቶቹ ወገን ነው። ግልገሏም ማዕረጓን የምታገኘው ከእናቷ ድጋፍ ነው። ወደ ዘረ መልም ብንሄድ ነገሩ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በአንድ የሆላንድ ቤተሰብ ውስጥ ኤምኤኦኤ የሚባለው ዘረ መል ሥራውን ያቆመባቸው ወንዶች በቁጣቸው የታወቁ ሆነው ተገኙ፤ ጋዜጦች የጦረኛ ዘረ መል ብለው ስም አወጡለት። እ.ኤ.አ. በ2002 በኒው ዚላንድ ሕፃናት ላይ በተደረገው ረጅም ክትትል ግን የዚያ ዘረ መል ደካማ ዓይነት ያላቸው ልጆች ለጠበኝነት የተጋለጡት በልጅነታቸው ግፍ ሲፈጸምባቸው ነው። የሆላንዱ ዓይነት ጉድለት እጅግ ብርቅ ነው፤ ሌላው ደካማ ዓይነት በብዙ ሚሊዮን ሰላማዊ ሰዎች ውስጥ አለ።

ስለ ውርስ የሚቀርበው ከሁሉ የጠነከረ ማስረጃ ከአገራችን የመጣ ነውና ልዘለው አልችልም። የስዊሱ ሃንስ ኩመር በ1950ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በኤረር ጎታ አካባቢ ግርማ ሞገስ ያለው ጎፈር ያላቸውን የቆላ ዝንጀሮዎች አጠና። ከእነዚህ እያንዳንዱ ወንድ ሴቶቹን ይሰበስባል፤ ራቅ ያለችበትን አንገቷን ነክሶ ይመልሳል። አዋሽ ዳር ያሉ የሌላ ዝርያ ዝንጀሮ ወንዶች ይህን አያደርጉም። ኩመር የሌላውን ዝርያ ሴት ወስዶ በቆላዎቹ መካከል ቢያስገባት በአጭር ጊዜ ውስጥ መከተልን ተማረች፤ የቆላዋን ወደሌላው መንጋ ቢወስዳት ደግሞ መከተሉን ተወችው። ወንዶቹ እንዲህ በቀላሉ አልተለወጡም፤ ሁለቱ ዝርያዎች በሚዳቀሉበት በአዋሽ ሸለቆ የተወለዱ ወንዶች ጠባያቸው በሁለቱ መካከል ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ውርስ አለ፤ መካድ ሞኝነት ነው። ግን ማስረጃውን ሙሉውን ብናነበው፣ ግማሹ የሚናገረው አካባቢ ሲለወጥ በአንድ ቀን ስለሚለወጥ ጠባይ ነው። ሬይመንድ ዳርት ሰው ከገዳይ ዝንጀሮ መጣ ባለበት፣ ሮበርት አርድሪም ያንን እ.ኤ.አ. በ1961 ለሕዝብ ባሰራጨበት ዘመን፣ የአፋር መሬት ገና አልተቆፈረም ነበር። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1994 ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያ ስብርባሪዋን ያገኛት አርዲ የተባለችው ቅሪተ አካል፣ ዕድሜዋ 4.4 ሚሊዮን ዓመት የሆነ፣ የዝርያዋ ወንዶች የውሻ ክራንቻ ትንሽ መሆኑን አሳየች፤ ወንዱ ሌላውን ወንድ የሚያስፈራራበት መሣሪያ ከጅምሩ ተቀንሶ ነበር ማለት ነው። ከመካከለኛው አዋሽ በተገኘው የቦዶ የራስ ቅል ላይ የድንጋይ ቢላዋ ጭረት መኖሩ እውነት ነው፤ ሥጋ መግፈፍና መግደል ግን አንድ አይደሉም፣ ጭረቱም ገዳዩን አይናገርም።

ከሁሉ የሚከብደኝን ተቃውሞ የሚያቀርበው የሥነ ሕይወት ሊቁ ሪቻርድ ራንግሃም ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ጠበኝነት ይለያል፤ አንደኛው ሲነኩት የሚነሣ ትኩስ ቁጣ፣ ሁለተኛው አስቦ፣ ተባብሮ፣ ለራስ አደጋ በሌለበት ጊዜ የሚፈጸም ቀዝቃዛ ጥቃት። ሰው ከዘመዶቹ ከቺምፓንዚዎች ሲነጻጸር በመጀመሪያው እጅግ የለዘበ፣ በሁለተኛው ግን የበረታ ነው ይላል። ሰው ከወገኑ ጋር ሆኖ መልስ መስጠት የማይችልን ሰው ሲያገኝ ለመግደል ተፈጥሮው ያመቸዋል ማለቱ ነው። የካቲት 12 ከዚህ ጋር ሲጠና እንደ ጣት ከቀለበት ይገጥማል፤ ገዳዮቹ ብዙ፣ ሟቾቹ መሣሪያ የሌላቸው፣ ቅጣቱ በይፋ የተነሣ። እኔም ራንግሃምን በዚህ ላይ አልቃወምም። ግን ንድፈ ሐሳቡ እውነት ከሆነ፣ ከቀን ወደ ቀን የሚለዋወጠውና ሥራውን የሚሠራው ነገር አደጋና ቅጣት ነው፤ አደጋና ቅጣትን የሚያነሣና የሚያኖር ደግሞ ሥልጣን ያለው ሰው ነው። ወንዶችና ወጣቶች በግድያ ከሴቶችና ከሽማግሌዎች ይበልጣሉ የሚለውም በየአገሩ የተመሰከረ እውነት ነው፤ በሚያዝያውም በየካቲቱም መንገድ ላይ የነበሩት በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። ይህ ማን እንደሚወጣ ይነግረናል። ለምን በዚያ ሳምንት እንደወጣ፣ ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ደግሞ ለምን ቤቱ እንደተቀመጠ አይነግረንም። የአገራችን የደም መመለስ ልማድ እንኳ ትኩስ ቁጣ ከመሆን ይልቅ ሕግ ያለው ነበር፤ ማን እንደሚጠየቅ፣ በምን ካሳ እንደሚቆም፣ በማን ሽምግልና እንደሚታረቅ የተወሰነ።

ሦስተኛው ማስረጃ ከእንጦጦ ላይ ነው። መጋቢት 1933 ዓ.ም. ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1941፣ የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃም በኩል እየመጡ ነበር፤ የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ጄኔራል ካኒንግሃም ግን እንዳይገቡ አዘገያቸው። ያቀረበው ምክንያት ፍርሃት ነው፤ በከተማው በሺህ የሚቆጠሩ ኢጣልያውያን ሲቪሎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ ስለነበሩ ንጉሡ ሲገቡ አርበኛው ይበቀላቸዋል ተብሎ ተፈራ። እንግሊዞቹ የኢጣልያን ፖሊስ ከነመሣሪያው ጥበቃ ላይ እንዲቆይ አደረጉ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ከእንጦጦ ጋራ ላይ ሆነው ከተማቸውን አዩ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ዘውድ በጫኑባት በእንጦጦ ማርያም ጸሎት አደረሱና ቁልቁል ወረዱ። የአበበ አረጋይ አርበኞች በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመው ነበር፤ ከመካከላቸው በየካቲቱ እሳት ዘመዱን ያላጣ ጥቂት ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። በዚያው ቀን ባደረጉት ንግግር ንጉሡ ክፉን በክፉ አትመልሱ፣ የወደቀ ጠላት ላይ ግፍ አትሥሩ የሚል ትእዛዝ ሰጡ። የተፈራው እልቂት አልደረሰም።

ሦስቱ ጊዜያት በእውነቱ አይነጻጸሩም፣ በ1928 የዘረፈውና በ1933 የታገሠው አንድ ሰው አይደለም፣ በየካቲት የገደለው ደግሞ የሌላ አገር ሰው ነው የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ታሪክ ቤተ ሙከራ አይደለምና ይህን አልክድም። ሁለት ነገር ግን አለኝ። የአንድ ከተማ ሕዝብ ደም በአምስት ዓመት ውስጥ አይለወጥም፤ የተለወጠ ነገር ካለ በደም ውስጥ የሌለ ነገር ነው። ደግሞም የኢጣልያኑ ሳይንስ አውሬ ያለው ሕዝብ ለበቀል ምክንያቱም መሣሪያውም በእጁ በነበረ ጊዜ ሳይገድል ሲቀር፣ ሠልጥኗል ያለው ደግሞ ሦስት ቀን ሲፈቀድለት ከገደለ፣ ዘርን መነሻ ያደረገው ማብራሪያ ከሁለቱም ወገን ወደቀ። ለሚያዝያ 1928 ዝርፊያም ይህንኑ ሚዛን ልጠቀምበት ይገባኛል፤ ዘራፊዎቹን ድህነትና ሽንፈት ገፋቸው፣ መንግሥት ማጣት ፈታቸው፣ ያም ሆኖ በሜሊ ላይ የተኮሰው እጅ የአንድ ሰው እጅ ነበር።

ይህ ክርክር ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ፍርድ ቤት ሲደርስ ትርጉሙ ይከብዳል፤ ግድያ ከደም የመነጨ ከሆነ የሚከሰስ አይኖርም፣ በፈቃድ የሆነ ከሆነ ግን ፈቃጁ ስም አለው። የኢትዮጵያ መንግሥት ሁለተኛውን መንገድ ያዘ። ከጦርነቱ በኋላ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን የክስ መዝገብ አቀረበ፤ ኮሚሽኑም እ.ኤ.አ. በ1948 አሥር ኢጣልያውያን እንዲጠየቁ ተስማማ። በዝርዝሩ ውስጥ ባዶልዮና ግራዚያኒ አሉ፤ ጊዶ ኮርቴዜም አለ። ከአሥሩ አንዳቸውም በኢትዮጵያ ስለሠሩት ለፍርድ አልቀረቡም። ግራዚያኒን የኢጣልያ ወታደራዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1950 የ19 ዓመት እስራት ፈረደበት፤ ጥፋቱ ከጀርመኖች ጋር መተባበሩ ነበር፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ተፈታ።